የዲቲዋ መከላከያ ብረት

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደብረ ታቦር ላይ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሲያዩት ሥራው ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር። ወይ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ወይ ክትባት ሰጪ፣ ወይ የወባ ሠራተኛ። የግል ሞተር ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ነጋዴው ከአይሱዙ ጋቢና ገብቶ ወረታ ይወርዳል፤ ቄሱ በበቅሎ፣ ገበሬው በእግሩ ይሄዳል። እኛ የግብርና ሰዎች ደግሞ ዲቲ ነበረችን።

ዲቲ 125 የያማሃ ሥራ ናት። ቀጭን፣ ቀላል፣ ሆዷ ከመሬት ራቅ ያለ፣ ሞተሯ ባለ ሁለት ስትሮክ። ከጋሳይ አቅጣጫ ስትመጣ ድምፅዋ ቀድሞ ማዶ ይደርስና ገበሬው እርሻው መሐል ሆኖ ማን እንደመጣ ያውቃል። የጤና ባልደረቦቻችን የሚነዱት ኤጂ 100 ሌላ ዓይነት ናት። ያማሃ ኤጂን ያሰባት እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባሉ አገሮች ሰፊ የከብት እርሻ ላይ ለሚውሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ እንደምትወድቅ አስቀድሞ ታስቦላታል። ሞተሯን ከጎን የሚከላከል ብረት አላት። የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታዎቿን ከፊት የሚከልል የጎበጠ ቱቦ አላት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በመሸፈኛ ውስጥ ነው፤ ጭቃ አያገኘውም። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት፤ የጎን ማቆሚያዋም በግራና በቀኝ ነው። የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የበረዶ ሣጥን ከኋላዋ ታስሮ ያልደረሰችበት ቀበሌ ጥቂት ነው።

ዲቲ ይህ ሁሉ የላትም። ፋብሪካው የሠራት ለመንዳት ለሚወዱ ሰዎች ነው፤ ቅልጥፍናዋ ደስ ይላል፣ ብረቷ ግን ራቁቱን ነው። ዲቲን ይዞ ከጉና ሥር መሥራት ምን እንደሚጠይቅ ያወቅነው ክረምቱ ሲገባ ነው።

ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር፣ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ በዚያን ጊዜም «የቻይና መንገድ» ነበር የምንለው። በእሱ ላይ እስከሆንክ ድረስ ሞተር ችግር የለበትም። የእኛ ሥራ ግን ከመንገዱ ላይ አልነበረም። ከመንገዱ ተገንጥለህ ወደ ፋርጣ ገጠሮች፣ ወደ እስቴ ወይም ወደ ላይ ጋይንት ደጋ ስትገባ የምታገኘው ከብት የረገጠው የእግር መንገድ ነው። ሐምሌ ላይ ቀዩ አፈር ዳገቱን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጨዋል። ከፎገራ በኩል ወደ ታች ከወረድክ ደግሞ ዋልካው ጎማውን ይይዝና ከፓራፋንጎው ሥር ተጠቅጥቆ ሞተሯን ያቆማታል። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ጀምረው ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው፤ በጋ ላይ ጫማህን ሳታወልቅ የምትሻገራቸው ገባሮቻቸው ነሐሴ ላይ ድንጋይ ያንከባልላሉ።

እንዲህ ባለ ቦታ ሞተር የምትወድቀው በፍጥነት አይደለም። ቀስ ብላ ነው የምትወድቀው። የፊት ጎማው ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፣ አንተ እግርህን ለመትከል ስትዘረጋ መሬቱ ይርቅብሃል፣ ከዚያ በጎን ትተኛለች። አወዳደቁ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ መዘዙ ግን ቀኑን ሙሉ ይከተልሃል። የፍሪሲዮን እጀታው ይሰበራል፤ የማርሽ መርገጫው ታጥፎ ከካርተሩ ጋር ይጣበቃል። ከሁሉ የሚከፋው እግር ከሥሯ ሲቀር ነው። ማርሚታው የጋለ ነው፣ የሞተሩ ጎን ሹል ነው፣ የወደቅክበት ደግሞ ቁልቁለት ነው። ሰው ሮጦ ደርሶ እስኪያነሣልህ ድረስ እንደዚያው ነህ።

የፋርጣ ገበሬ በዚህ ጊዜ አይተኛም። ሞፈሩን አቁሞ፣ ጋቢውን ጥሎ ይመጣል። «አይዞህ ልጄ፣ እግርህን አትሳብ፣ እኛ እናንሣልህ» ይላል። ሦስት አራት ሆነው ያነሡና ጭቃውን በሣር ይጠርጉልሃል፤ ቤት ገብተህ ጠላ ካልቀመስክም አይለቁህም። እጀታው ከተሰበረ ግን ጠላውም አያጽናናም። ሞተሯን እየገፋህ እስከ ቻይና መንገድ ትወጣለህ፤ ከዚያ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ መጠበቅ ነው።

መሥሪያ ቤታችን በመጨረሻ ለዲቲዎቹ መከላከያ ብረት እንዲሠራ ፈቀደ። ብረቱን ከውጭ ማስመጣት የሚታሰብ አልነበረም። ደብረ ታቦር ውስጥ የበርና የመስኮት ብረት የሚሠሩ አንድ በያጅ ነበሩ፤ ወደ እሳቸው ወሰድናት።

ሰውዬው ሞተር ነድተው አያውቁም። ግን ዲቲዋን እንዳዩ ብረት ማንሣት ትተው ዙሪያዋን መዞር ጀመሩ። የተጫረችበትን፣ የተጣመመችበትን፣ ቀለሟ የተላጠበትን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ አብዝታ የምትወድቀው በየትኛው ጎኗ ነው?» አሉኝ።

«በግራዋ ነው፣ አያ።»

«ነጂው የሚወርደውም፣ ሲገፋት የሚይዛትም በግራ ነው። ማቆሚያዋም በግራ ነው። ቆማም ትወድቃለች አይደል?»

እውነታቸውን ነበር። ዝናብ የጠጣ መሬት ላይ አቁመናት ዞር ስንል ማቆሚያዋ ቀስ እያለ ይሰምጥና ትጋደማለች። በመጀመሪያ የሠሩልን ነገር መከላከያው አልነበረም፤ ከማቆሚያው ጫፍ ሥር የእጅ መዳፍ የሚያህል የላሜራ ቁራጭ በየዱበት። ዲቲዋ ከዚያ በኋላ ዋልካ ላይም ብትሆን ቆማ ዋለች።

ለብረቱ የኛ ሐሳብ ፌሮ ነበር። እሳቸው አልተስማሙም። ፌሮ ድፍን ነው፣ ይከብዳል፣ ሞተሯ ደግሞ ትንሽ ናት። እሳቸው ክብደቱን ያዩት በእጃቸው ነው፤ እኔ ደግሞ በየዳገቱ አውቀዋለሁ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በከተማዋ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚንን ከአየር ጋር ስለሆነ ጉልበቷም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቆላ ላይ አንድ ኩንታል እህል ይዛ የምትወጣው ዲቲ ጉና ሥር ስትደርስ በሁለተኛ ማርሽ ታለቅሳለች። በዚህ ላይ የፌሮ ክብደት መጨመር ነጂውን ይጎዳዋል። በያጁ ባዶ ቱቦ መረጡ። ዚንክ የተቀባውን የውሃ ቧንቧ ግን አልነኩትም። ዚንኩ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ እንደሚያንቀጠቅጥ በራሳቸው ላይ አይተው ነበርና ጥቁሩን ቱቦ አስገዙን።

ቱቦ ማጠፍ ግን ጥበብ ይፈልጋል። እንዲያው ከታጠፈ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቅና የሚሰበረው በዚያው ነው። እሳቸው ደረቅ አሸዋ ወንፊት ላይ ነፍተው ቱቦው ውስጥ ሞሉት፤ እየቆረቆሩ አጠበቁት፤ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ወተፉት። የዚያን ዕለት መብራት ስላልነበረ በያጁ የአባታቸውን ወናፍ አወጡ። ከሰሉ ሲግል ቱቦውን ከተቱበት፤ ቀልቶ ሲወጣ ሞርሳው ላይ አስረው ቀስ እያሉ አጠፉት። አሸዋው ከውስጥ ስለያዘው ክቡ እንደ ክብ ቀረ። ሲቀዘቅዝ ውታፉን አውጥተው አሸዋውን አፈሰሱት።

አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለምን ዝቅ እንዳደረጉም የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ አውቃለሁ። በጌምድር ውስጥ ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ቡዳ ሲል የኖረ ሕዝብ ነው ያሳደገኝ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ ግን በየመንደሩ አፍ ላይ አልደረሰም። ይህ በጣም ያናድደኛል። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የመጡትን እነ ዋልድማየርን እዚያ አስፍረው፣ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰልፈው፣ ሴባስቶፖልን አስቀለጧቸው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገለት፣ ከ1860 ዓ.ም. ጥቅምት እስከ መጋቢት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ብረት ለዚህ ምድር እንዲመች አድርጎ የማበጀቱ ሥራ እዚህ የቆየ ነው፤ የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። በያጁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢናገሩት በወደድኩ።

ብረቱ ከታጠፈ በኋላ የኔ ጓደኛ፣ «አያ፣ እንግዲህ ሻንሲው ላይ በይዱት» አለ። እንዲህ ቢደረግ ፈጣንም ርካሽም ነበር። በያጁ ግን አሻፈረኝ አሉ። የሞተር ሻንሲ ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ ነው። ብየዳ ሲነካው ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጣል፤ ከብዙ መንገጫገጭ በኋላ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መከላከያው ራሱ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከተመታ ደግሞ ሻንሲውን ይዞት ይጣመማል። የተጣመመ መከላከያ ተፈቶ ይቃናል፤ የተጣመመ ሻንሲ ግን ሞተሯን ለዘላለም ወደ ጎን ያስኬዳታል። ስለዚህ ከላይ ሻንሲውን በማቀፊያ፣ ከታች ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በሚያስሩት ቡሎኖች ላይ አሰሩት። የነበሩት ቡሎኖች አጭር ስለሆኑ ረዘም ያሉ አስገዙን። ማቀፊያው ሻንሲውን በሚይዝበት ቦታ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ሁለት ዙር ጠቀለሉበት፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ቀለሙ ይላጣል፣ ከተላጠው ቦታ ዝገት ይገባል።

ይህ ጎማ ሌላ ሐሳብ አመጣላቸው። የዲቲ ሻንሲ የነጂው ቦቲ በሚነካበት በሁለቱም ጎን ቀለሙ አልቆ ነጭ ብረት ይታይ ነበር። ጭቃ የያዘ ጫማ በየቀኑ ሲፈትገው እንደ ሞረድ ነው። በያጁ በረባሶ ከሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ቀጭን የኮፐርቶን ሽፋን አስመጡ፤ በሻንሲው ቅርጽ ልክ ቆርጠው፣ ዳር ዳሩን በስተው፣ በሽቦ ከኋላ አሰሩት። ማሰሪያው በየጊዜው ተፈቶ ከሥሩ ያለው ጭቃ እንዲታጠብ አደራ አሉን፤ እርጥበት ከታፈነ ከጫማው ይልቅ ጎማው ራሱ ያዘገዋልና። ዛሬ በውጭ አገር ለውድድር ሞተሮች የሻንሲ መሸፈኛ ተብሎ በፕላስቲክ ተሠርቶ የሚሸጠው ዕቃ ሥራው ይኸው ነው።

ከሆዷ ሥር ላሜራ አስገቡ። ዘይት ማውጫው ቡሎን በሚውልበት ላይ ቀዳዳ ተዉ፤ ጭቃ ተጠራቅሞ እንዳይጋገርም ሌሎች ቀዳዳዎች ጨመሩ። ሞተሯ የምትቀዘቅዘው በንፋስ ስለሆነ ከፊት በኩል ምንም አልሸፈኑም። በመጨረሻ ሁለት ሰው ከፊት መሪዋን ተጭነን እስከ ታች እንድናወርዳት አዘዙን፤ የፊት ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ ብረቱን እንዳይነካ በዓይናቸው አዩ። ማርሹን በእጃቸው አስገቡ፣ አወጡ። ማስነሻ መርገጫውን እስከ መጨረሻው አወረዱ። «በሁለት ጎኗ አስተኟት» አሉን። አስተኛናት። መርገጫው መሬት አልነካም፣ እጀታውም አልነካም፤ በሞተሩና በመሬቱ መካከል የአንድ ሰው እግር የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ክፍተቱን በክንዳቸው ለኩት። ብረቱን ከዚህ በላይ ማስፋት ይቻል እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር፤ በጠባብ የእግር መንገድ ድንጋይ የሚይዘው ሰፊ ብረት ራሱ እንደሚጥል አስረዱኝ።

ያ ክረምት እንደ ሌሎቹ አልነበረም። አልወደቅንም ማለቴ አይደለም። ከክምር ድንጋይ በላይ፣ የገብስ ማሳ ዳር፣ አንዲት የጤና ባልደረባችን የኛን ዲቲ ተውሳ ስትሄድ ተንሸራታ ወደቀች። ገበሬዎቹ ደርሰው ሲያነሡ እግሯ ከሥር ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ክፍተት ውስጥ። ቀሚሷ ላይ ጭቃ፣ ጉልበቷ ላይ ትንሽ መላጥ ብቻ። «እታለም፣ ማርያም ናት ያተረፈችሽ» አሏት። እሷም ማርያምን አመሰገነች፤ ደብረ ታቦር ስትመለስ ደግሞ በያጁ ዘንድ ሄዳ እጃቸውን ሳመች። ሞተሯን ያስነሣቻት እዚያው የወደቀችበት ቦታ ነው፤ የዚያን ዕለት መከተብ የነበረባቸው ሕፃናትም ተከተቡ።

ስለ መከላከያ ብረት በጎውን ብቻ ብናገር ግን ለሚያነብ ነጂ ታማኝ አልሆንም። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃሪ ኸርት የሚባል የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን በቦታው እየተገኙ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የጎን መከላከያ ብረት በቁርጭምጭሚትና በእግር መዳፍ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል፤ በጭንና በጉልበት ላይ የሚደርሰው ግን በዚያው ልክ ይጨምራል ብለው ደመደሙ። የእነሱ አደጋ አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር መጋጨት ነው። ብረቱ በዝግታ ለሚሆን መውደቅ ነው የሚጠቅመው፤ ለእኛ ዳገትና ጭቃ። ከዓለም በር ቁልቁል በፍጥነት ሲወርድ ከአይሱዙ ጋር የተጋጨን ሰው ቱቦ አያድነውም። እዚያ የሚያድነው ፍጥነት መቀነስና ሄልሜት ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። እኛ በዚያ ዘመን ለሞተሯ ብረት ስናሠራ ለራሳችን ሄልሜት ያለን ጥቂቶች ነበርን፤ ለብዙዎቻችን ጋቢ መጠምጠም በቂ ነበር።

አሁን ደብረ ታቦር ሌላ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ መንደሮቿ ሰፍተዋል፣ ሞተሩም የመንግሥት ብቻ አይደለም። ወጣቱ የህንድ ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ የቻይናም ሞተር ይነዳል፤ ድንች ይጭንበታል፣ ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ያደርስበታል። ብዙዎቹ ላይ የሚያብረቀርቅ መከላከያ አያለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳየው በአንድ ቡሎን ብቻ የተንጠለጠለ፣ ወይም በቀጥታ ሻንሲው ላይ የተበየደ ነው። ሲያምር ያምራል። የወደቀ ዕለት ግን ታጥፎ የነጂውን እግር ከሞተሩ ጋር ያጣብቀዋል። በብየዳው ጊዜ ባትሪውን የፈታ በያጅም እምብዛም አላየሁም፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ የሞተሯን የማቀጣጠያ ዕቃ ሊያቃጥል እንደሚችል ለወጣቶቹ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሞተር ስትገዙ ዋጋውን ከፍላችሁ ጨርሳችሁ ወደ ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ለብረቱ ስጡት። ሻንሲው ላይ አታስበይዱ፤ በሞተሩ ቡሎኖችና በማቀፊያ አስይዙት። በሁለት ጎኗ አስተኝታችሁ እግራችሁ የሚቀመጥበት ክፍተት መኖሩን እዩ። ቡሎኖቹን በየሳምንቱ አጥብቁ፤ ኮረኮንች ያላላቸዋል። ለገጠር ሠራተኞቻችሁ ሞተር የምትገዙ መሥሪያ ቤቶችም በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ ከሞተሩ ጉልበት ቀጥሎ የጎን መከላከያውን፣ የሆድ ላሜራውንና ለነጂውም ለተፈናጣጩም ሄልሜት ጻፉ። ሻጩ የለኝም ቢላችሁ ደብረ ታቦር ውስጥ የሚሠራ በያጅ አለ።